ሽቦው ያልተነሣላቸው ርግቦች

ሄስተር ርግቦቹን ባየች ጊዜ የጋለ ብረት በእጇ ነበረ።

ጥጃው አራት እግሩን ተጠፍሮ የበረቱ አፈር ላይ ተጋድሟል። ወንድሟ ክላይቭ በጉልበቱ አንገቱን ተጭኖ ጆሮውን በቢላ ተልትሎ ጨርሷል፤ ደሙ በክንዱ ላይ እስከ ክርኑ ወርዷል። መተኮስ የእሷ ድርሻ ነበር። ይህን ሥራ የሚያውቁት የአገሩ ተወላጅ ከብት ነጂዎች የአባቶቻቸውን ሥርዓት ሊፈጽሙ ወደ ታችኛው ወንዝ ስለ ወረዱ፣ በዚያ ሳምንት የዋራንዲ ከብት እርባታ ጥጆች ላይ ምልክት ማድረግ ለወንድምና ለእህት ቀርቷል። ብረቱን ታፋው ላይ አሳረፈች። የተቃጠለው ጠጉር ጭስ ዓይኗን ሲቆጠቁጣት ቀና አለች። ያን ጊዜ በሜዳው ጫፍ፣ ከሣሩ እምብዛም ከፍ ሳይል፣ አንድ ጥቁር ነገር ሲዘረጋ አየች።

አቧራ መሰላት። አቧራ ግን አይታጠፍም። ያ ነገር ድንገት ባንድነት ታጠፈ፤ ሲታጠፍም ፀሐይ መታውና እንደ ዛገ ብረት ቀላ። ከዚያ ሣሩ ውስጥ ሰመጠ።

አንዱ ብቻ ከመንጋው ተነጥሎ ከአጥሩ ወዲያ መሬት ላይ አረፈ። ጥቁር ፊት፣ ነጭ ግንባር። በሣሩ መካከል ጥቂት ተራመደና ቆሞ ወደ እሷ አየ።

"አንቺ! ቆዳውን ልትበሽው ነው እንዴ?" ክላይቭ ጮኸባት።

ብረቱን አነሣች። ጥጃው ድምፁ ተቆርጦ አፉን ብቻ ይከፍታል። ምልክቱ ከሚገባው በላይ ሰርስሮ ሥጋው ነጥቶ ይታያል።

"እጄ ዝሎ ነው" አለች።

"እጅሽማ ደኅና ነው። የቀረው ነው የጠፋው።" ቢላውን ሱሪው ላይ ጠርጎ እሷ ስታይ ወደ ነበረችበት ዞር አለ። ቆይቶ አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሌላ ጥጃ ሊያመጣ ሄደ።

በዋራንዲ አንድ ሕግ ነበር። መንጋ ርግብን በመጀመሪያ ያየ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ሥራውን ጥሎ "ኩ—ኢ!" ብሎ ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ ጮኾ ይመልሳል። እነዚህ ርግቦች አገር የላቸውም። ዝናቡ የጣለበትን፣ ሣሩ ፍሬ የያዘበትን ተከትለው ይኖራሉ፤ አንድ ዓመት ሰማዩን ይሸፍኑታል፣ ከዚያ ለዓመታት አንዲት ላባ አትታይም። ስለዚህ ጩኸቱ የጥጋብ ብሥራት ነው። ደግሞም ማስጠንቀቂያ ነው። ርግቦቹ ማታ ማታ ውኃ የሚጠጡት ፈረሰኞች በሚሻገሩበት በኩሬው መልካ ላይ ነውና፣ ጩኸቱ ሲሰማ ወንዶቹ እዚያ ሽቦ ይዘረጋሉ። ኩ—ኢ የተሰማ ቀን ማንም ሰው በመሸ ጊዜ መልካውን አይረግጥም።

ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ጩኸት ሄስተርን የቀደማት የለም። ዛሬ ጥርሷን ገጥማ ዝም አለች። አፏን ብትከፍት ልቧ የሚወጣ መሰላት።

*

ጃንዳድን ያወቀችው ከግመሎቹ ጋር ነው። አባቱ ከአፍጋን አገር ግመል እየነዱ ከመጡት አንዱ ናቸው፤ እሱ ግን የተወለደው እዚሁ ማሪ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በግመለኞቹ ሰፈር ነው። አባትና ልጅ ዱቄት፣ ሻይ፣ የአጥር ሽቦና ደብዳቤ ጭነው ወደ ዋራንዲ ይመጡ ነበር። ሸቀጡን ከበረንዳው ሥር ሲዘረጉ ሄስተር ክር ትመርጣለች። እሱ ክሩን ይዞ እሷን ያያል።

"ቀዩን ነው ሰማያዊውን?"

"ሁለቱንም ካሳየኸኝ ቆየህ።"

"እንግዲያስ ሌላ ቀይ ላምጣ?"

ሌላ ቀይ ያመጣል። እሷም እንደገና ትመርጣለች። ቤት ውስጥ ተሰፍቶ የማያልቅ ክር ተከማቸ።

ከአራት ዓመት በፊት ክላይቭ ደረሰበት። በበረቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ኮርማ የሚመልስበትን ረጅም ጅራፍ ፈታ።

"ጃክ" አለው። ከእሷ በቀር በዋራንዲ ጃንዳድን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። "እህቴ ስንት ክንድ ወጣች? በእጅህ ለካኻት ይላሉ።"

የመጀመሪያው ጅራፍ ባርኔጣውን ወሰደ። ሁለተኛው ከጆሮው እስከ አገጩ ጉንጩን ከፈተ። ክላይቭ አላቆመም። ሸሚዙ ተቀደደ፣ ከሸሚዙ ሥር ያለውም ተቀደደ። ጃንዳድ ከክላይቭ በቁመትም በጉልበትም ይበልጥ ነበር። እጁን አላነሣም። ባንድ ዓይኑ ደም እየገባ ሄስተርን ይፈልግ ነበር፤ ባገኛት ጊዜ ፊቷን አዙራ መሬት አየች።

ግመሎቹ ሊነሡ ሲሉ ከተንበረከከች ግመል ጀርባ አገኘችው። ጉንጩን በጨርቅ ይዟል።

"ደብዳቤ አልጽፍም" አላት። "የፖስታውን ከረጢት የሚከፍቱት አባትሽ ናቸው። ድርቅ እየመጣ ነው፤ ግመልም ከእንግዲህ ይህን አገር አያልፍም። ርግቦቹ ሲመለሱ ግን ከኋላቸው ነኝ። ኩሬሽን በጠጡበት በመጀመሪያው ምሽት ከማዶ ታዪኛለሽ። የማትፈልጊኝ ከሆነ አትውጪ።"

ፊቷን ለምን እንዳዞረች ሊጠይቃት ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። አልጠየቃትም። ልትነግረውም አፏን ከፍታ ነበር፤ አባቷ ከበረንዳው ጠሯት።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ቀረ። ላሞች ጭቃ ውስጥ ቆመው ሞቱ። መነሣት ያቃታቸውን በአባቷ ጠመንጃ ግንባራቸውን እያለች የጨረሰቻቸው ሄስተር ናት። ትከሻዋ በጠመንጃው ምት ጠቁሮ ሲያድር፣ ስለ ትከሻዋ ብቻ እንጂ ስለ ሌላ የጠየቃት አልነበረም።

*

ድርቁ የአባቷን የሚስተር ዱጋልድን ዓይን ይዞ ሄደ። አሸዋው የሚያመጣው የዓይን በሽታ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነፋሱን፣ ከብቱንና ሰውን በጆሮ ይለያሉ። ቀትር ላይ በጨው የደረቀ ሥጋና የረመጥ ዳቦ አቀረበችላቸው።

"ሄስተር፣ ጧት ክንፍ የሰማሁ መሰለኝ።"

"ነፋስ ነው አባባ።"

"ነፋስ? ነፋስ ሲታጠፍ ሰምቼ አላውቅም።"

"ሣሩ ደርቆ ነው የሚንኮሻኮሸው።"

ዳቦውን ቆርሰው ሻዩ ውስጥ ነከሩት። "ከመጡ ንገሪኝ እሺ? በሊጥ የተከደነ የርግብ ሥጋ ሳልበላ ብሞት እናትሽ ወዲያ ማዶ አታስገባኝም። እሷ ስትሠራው ርግቧ ራሷ ይቅር ትለን ነበር።"

ክላይቭ ከጠረጴዛው ማዶ እያኘከ ፈገግ አለ። "ካየች መች ትደብቃለች? ሄስተር ምንም አትደብቅም። አይደል እህቴ?"

"አትደብቅም" አሉ አባቷ። "ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ትከሻዬ ላይ ሆና ስትጮህ ይሄ ቀኝ ጆሮዬ ለሳምንት አይሰማም ነበር።"

ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ሳሙና ያለው ውኃ ውስጥ እጇን ነክራ ቆመች። ለሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ዋሽታ ታውቃለች። ለማያይ ሰው መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አጸፋ ሊመልስ የማይችልን ሰው እንደ መምታት ሆነባት።

*

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰማያዊውን ቀሚሷን ለብሳ ወደ ኩሬው ጋለበች። ክላይቭ ቀድሟት ደርሶ ነበር።

ሽቦው ተዘርግቷል። አንድ ጫፉ በመልካው ወዲያኛው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጋር ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ በወዲህኛው ባሕር ዛፍ ባላ ላይ አልፎ ከአንድ ረጅም ምሰሶ ጋር ተያይዟል። መካከሉ ውኃው ውስጥ ተኝቷል። ምሰሶውን ወደ ታች የተጫነ ሰው ሽቦውን በቅጽበት ከውኃው አንሥቶ ፈረሰኛ ደረት ድረስ ይወጥረዋል፤ ዝቅ ብለው የሚገቡት ርግቦች ክንፋቸውና አንገታቸው እየተቀጠፈ ይረግፋሉ። ክላይቭ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጠቅልሏል።

"ለአባባ ራት" አላት።

"ጧት አየሃቸው?"

"አየኋቸው።"

"ለምን አልጮህክም?"

"አንቺስ?"

ከፈረሷ ወረደች። ከዳሩ ላይ ቆመች። ብትመለስ ይጠረጥራል ብላ አሰበች። ርግቡን ያረግፋል፣ ከረጢቱን ይሞላል፣ ይሄዳል፤ ጃንዳድም ነገር የሚያውቅ ሰው ነው፣ ማዶ ሆኖ ይጠብቃል ብላ ልቧን አጽናናች።

መጀመሪያ ጥቂቶቹ መጡ፣ ከመሬቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው። ከዚያ ሜዳው ራሱ የተነሣ መሰለ። የክንፋቸው ድምፅ ጠጠር ላይ እንደሚወርድ ጎርፍ ሆነ። ሌላው ርግብ ዳር ቆሞ ይጠጣል፤ እነዚህ ግን ውኃው ላይ እንደ ዳክዬ ያርፋሉ፣ ክንፋቸውን ወደ ላይ ቀስረው ይንሳፈፋሉ፣ ጠጥተው ከውኃው ላይ ይነሣሉ፤ በእነሱ ቦታ ሌሎች ይወድቃሉ። አራት ዓመት የጠበቀችው ነገር በእግሯ ሥር ይፈላ ነበር።

ሽቦው አልተነሣም።

ሁለተኛው መንጋ ገባ፣ ጠጣ፣ ወጣ። ሽቦው ውኃው ውስጥ እንደ ተኛ ነው። ዞራ ወንድሟን አየችው። ርግቦቹን አያይም። የሚያየው ማዶውን ነው።

"ክላይቭ፣ እየሄዱ እኮ ነው። ተጫነው እንጂ።"

"ይሂዱ።"

"የአባባ ራት አልነበር?"

"ትናንት ከቀዩ አሸዋ ጀርባ ግመሎች ሰፍረው አየሁ" አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። "ፊቱ ላይ የጻፍኩት ጽሑፍ ደኅና አድርጎ ደርቋል። በከተማው መጠጥ ቤት ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? 'የግመለኛው አማች፣ ወተት ጠጣ እንጂ' ይሉኛል። አራት ዓመት ሙሉ።"

"ክላይቭ..."

"ሽቦው የርግብ ነው። የርግብ ሽቦ ውስጥ የገባ ሰው ጩኸት አልሰማም ማለት ነው። ማን ነበር መጮህ የነበረበት?" አሁን አያት። ዓይኖቹ ቀልተዋል። "ዝምታው ያንቺ ነው እህቴ። እኔ የምጫነው እንጨት ብቻ ነው።"

ያን ጊዜ ከማዶው ሜዳ ላይ አቧራ ተነሣ። አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ መጣ፤ ከፊቱም ግራጫ ፈረስ።

"ኩ—ኢ!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋን የክንፎቹ ጎርፍ ዋጠው። ደግማ ጮኸች፤ ራሷም አልሰማችውም። ሁለት እጇን አንሥታ እያወናጨፈች ተመለስ፣ ተመለስ አለችው። ጃንዳድ ያየው ሰማያዊ ቀሚስና የተዘረጉ እጆች ነው። መሬት ያየችበትን ያንን ቀን አራት ዓመት ተሸክሞ ለመጣ ሰው፣ እነዚያ እጆች አንድ ትርጉም ብቻ ነበራቸው። ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘላትና ፈረሱን በተረከዙ መታው።

ሄስተር ውኃው ውስጥ ገባች።

ርግቦቹ ፊቷን፣ ደረቷን፣ ትከሻዋን እየመቱ ተነሡ። በእግሯ ዳብሳ ሽቦውን አገኘችው፤ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ወዲያው ክላይቭ ተጫነ። ሽቦው በእጆቿ ውስጥ ነፍስ ዘራ። ቆዳዋን ሰነጠቀ፣ ከዚያ ሥጋዋን፣ ከዚያ የሚያልፍበት አጥቷል እስክትል አጥንቷን ነካ። ከውኃው ብድግ አደረጋት። ክርኗን አጥፋ፣ በሆዷ ተኝታበት፣ የሰውነቷን ክብደት ሁሉ ጣለችበት።

"ልቀቂው! ሄስተር፣ እጅሽ! ልቀቂው አልኩሽ!"

አልለቀቀችም። ያኔ ስትዘጋው የኖረችው አፏ ተከፍቶ፣ ቃል የሌለው ድምፅ ወጣ።

ፈረሱ ሴት ከፊቱ ውኃው ላይ ተሰቅላ ሲያይ በኋላ እግሩ ቆመ። ጃንዳድ በጀርባው ውኃው ላይ ወደቀ፤ ፈረሱ በጎኑ አልፎ ሸሸ። ምሰሶው ተለቀቀ፤ ሽቦው ረገበ፤ ሄስተርም ከሽቦው ጋር ሰመጠች።

ብቅ ስትል ክላይቭ በጅራፉ እየገረፈ ወደ ጃንዳድ ይሮጥ ነበር። አንዱ ምት ክንዱን ጠቀለለው። ጃንዳድ ጅራፉን በዚያው ክንዱ ላይ አንድ ጊዜ ጨምሮ አዞረና ሳበ። ክላይቭ በፊቱ ተደፋ። ጧት ክላይቭ ጥጃው ላይ እንዳደረገው፣ ጃንዳድ ጉልበቱን አንገቱ ላይ ጣለ፤ ጭንቅላቱን ውኃው ውስጥ ይዞ ቆየ። እግሮቹ ተወራጩ። ከዚያ መወራጨታቸው ቀነሰ።

"ጃንዳድ! ወንድሜ ነው!"

"አውቃለሁ።" ዘወር ብሎ አላያትም። ጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ ነጭ ሆኗል። "ያን ቀንም ወንድምሽ ነበር። ያን ቀን ፊትሽን ለምን አዞርሽ? አራት ዓመት ይህን ነው የጠየቅሁት። አፈርሽብኝ?"

"ባይህ ኖሮ እጮህ ነበር። ብጮህ ትመታው ነበር። ብትመታው አባቴ በረንዳው ላይ ጠመንጃ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አንተ ጀርባህን ሰጥተኸው ነበር፣ አላየኸውም። እኔ አየሁት።" ውኃው በእሷ ዙሪያ ቀልቷል። "እንድትኖር ነው መሬት ያየሁት።"

እጁ አልተነሣም።

"እጄን እየው" አለችው፣ ቀስ ብላ። ሁለቱንም መዳፏን ዘረጋችለት። "ልጓም መያዝ አልችልም። ከእንግዲህ ዳቦ ልቁረስ ብል አልችል ይሆናል። ያንተ እጆች ያስፈልጉኛል። ሰው የገደሉ ሆነው ከመጡ ግን በምን እይዛቸዋለሁ?"

ጃንዳድ መዳፎቿን አየ። ክላይቭን በኮሌታው ይዞ ከውኃው አወጣውና ዳሩ ላይ ጣለው። ክላይቭ ተፋ፣ አቃሰተ፣ ተነፈሰ። ጃንዳድ ወደ ሄስተር ሄዶ እጆቿን በእጆቹ ውስጥ አስገባ፤ ያ በጅራፍ የተቀደደ ጊዜ ያልጮኸ ሰው፣ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

*

የአንገት ጨርቁን ቀድዶ መዳፎቿን አሰረላትና በፈረሷ ላይ አወጣት። ልጓሙን እሱ ያዘ። ክላይቭ ከምሰሶው ሥር ጉልበቱን አቅፎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያልፉ ቀና አለ፤ ፊቱ ለአንድ አፍታ፣ እሱና እሷ ትንንሽ ልጆች ሆነው ድስት የሰበሩ ዕለት የነበረውን ፊት መሰለ።

"ለአባባ ምን ልበለው?"

"አንተ ምንም አትለውም" አለችው። "የምነግረው እኔ ነኝ።"

ከመልካው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቤቱ ይታያል። ፀሐይ ገብታ አልጨረሰችም። አባቷ በረንዳው ላይ፣ እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ፣ ከሩቅ ሲያዩአቸው እንደ ተረሳ ኮት። ከጉብታው ወዲያ ወደ ደቡብ ቀዩ አሸዋ አለ፤ ከአሸዋውም ጀርባ ግመሎቹ።

"እንሂድ" አላት ጃንዳድ። "ቢከተሉን..."

"ትንሽ ቆይ። የቀረብኝ ነገር አለ።"

በጨርቅ የታሰሩ እጆቿን አፏ ዙሪያ አደረገች። ደሙ ከንፈሯን ነካው።

"ኩ—ኢ!"

ሜዳው ዝም አለ። ርግቦቹ ጠጥተው ሄደዋል። በረንዳው ላይ ያሉት አባቷ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ወንበሩ ከኋላቸው ወደቀ። ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ሄስተር ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ እንዲህ ሆና የጠበቀችበት ጊዜ በዕድሜዋ አልነበረም፣ ያ አራት ዓመትም ቢሆን።

ከዚያ ያረጀ፣ የተሰነጠቀ፣ መካከሉ ላይ የሚቋረጥ ድምፅ በሣሩ ላይ መጣ።

"ኩ—ኢ!"

አባቷ የመለሱላት ለብሥራቱ ይሁን ለስንብቱ አላወቀችም። እሳቸውም ያወቁ አይመስላትም። ግን አንድ እጃቸውን አንሥተው፣ ቀኝ ጆሮአቸውን እንደ ጥንቱ፣ እሷ ትከሻቸው ላይ እንዳለች ሁሉ፣ ሸፈኑት።